ሽማግሌ የተላከበት አሰልጣኝ

ባለፈው ወር ኮፊ ደወለልኝ። ኮፊ የጋና ልጅ ነው። ሁለታችንም ሃያ ዓመት ሳይሞላን እዚሁ ለንደን ኮሌጅ የተዋወቅን፣ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ፣ ድምፁ ግን ለስላሳ የሆነ ወዳጄ ነው።

"ኮች ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው" አለኝ። "ልጆቹ ብሪክስተን አዳራሽ ተከራይተው ድግስ ደግሰውለታል። አንተንም እንድጠራህ አዞኛል።"

"እኔን? በስሜ ጠርቶ?"

"በስምህ አይደለም። 'ያን ሽማግሌ የላከብኝን ልጅ አምጣው' ነው ያለኝ።"

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። አሰልጣኜ የነበረው ሰውዬ የሚያስታውሰኝ በወረወርኩት ኳስ አይደለም፣ በክንዴም አይደለም፣ በላክሁበት ሽማግሌ ነው። ለንደን ዝናብ ሊጥል ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ የሚነግረኝ ይህ ግራ ትከሻዬ የማን ስጦታ ሆነና ነው? የሱ ነው። እሄዳለሁ አልኩ። ለምን እንደምሄድ ግን ለባለቤቴም አልነገርኳትም፤ ብነግራት ኖሮ "አንተ ሰው መቼ ነው የምታድገው" ማለቷ አይቀርም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ የአሜሪካኖችን ፉትቦል አብዛኛው ሐበሻ አይወደውምና። "ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የሚተኛበት ምን ኳስ ነው" ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ያልኩት ይህንኑ ነው። ኮፊ ሃክኒ ወዳለው ሰፊ ሜዳ ይዞኝ ሄዶ ከዳር ቆሜ ስመለከት፣ አንድ ያመለጠ ኳስ እየተንከባለለ እግሬ ሥር መጣ። እንቁላል የሚመስል ኳስ ነው። አንስቼ ወረወርኩላቸው። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ኮክ በድንጋይ በማውረድ የታወቅሁ፣ በዚሁም የተነሳ ስንት ጊዜ የተገረፍኩ ነኝና ክንዴ ሥራውን አልረሳም። ኳሱ ሜዳውን አቋርጦ ከወዲያ ጫፍ የቆመ ልጅ ደረት ላይ አረፈ። አሰልጣኙ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ "ይህ ክንድ እስከ ዛሬ የት ነበር?" አለ። በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ሜዳ የተባለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። በኔ አፍ ግን በአማርኛ ይቀርባችኋል።

ኳርተርባክ አደረገኝ። ኳርተርባክ ማለት የማጥቃቱ አንጎል ነው። ኳሱ መጀመሪያ ለሱ ይሰጠዋል፤ ለማን እንደሚወረውር የሚመርጠው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው፣ ጎንበስ ብለው እሱ የሚለውን ይሰማሉ። ይህ ለኔ ምን ማለት እንደነበር የሚገባው በስደተኝነት የኖረ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ወረፋ ስይዝ፣ ቋንቋዬ ሲሰባበርብኝ፣ "ይቅርታ፣ ምን አልክ?" ስባል ሰንብቼ፣ እሑድ ሲደርስ ዐሥር ሰዎች፣ ያውም ከኔ የሚበልጡ ጎረምሶች፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ከአፌ የሚወጣውን ይጠባበቃሉ። እሑድ እሑድ ሰው ነበርኩ። ሌላው ቀን መጠበቂያ ነው።

ኳርተርባኩ የሚወረውርለትን ሰው እስኪያገኝ ድረስ ፊት ለፊቱ አምስት ግዙፋን እንደ አጥር ይቆሙለታል። ተቃራኒዎቹ አጥሩን ጥሰው፣ ኳሱ ገና በእጁ እንዳለ መሬት ላይ ከደፉት "ሳክ" ይባላል። ሳክ ማለት መውደቅ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ ለፍቶ ያገኘውን መሬት እየመለሰ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዐሥር ያርድ ለመራመድ አራት ሙከራ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በመካከሉ አንዴ ከተደፋህ የቀሩት ሙከራዎች ኪሳራ ማሟያ ይሆናሉ። ደግሞ በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው በግራ በኩል ከኋላው የሚመጣበትን አያይም። ስለዚህ በአጥሩ ግራ ጫፍ የሚቆመው ሰው ዓይኑ ማለት ነው። የኔ ዓይን ኮፊ ነበር። ኮፊ እዚያ በቆመበት ዓመት ልብሴ ጭቃ እንኳ እምብዛም አይነካውም ነበር።

አሰልጣኛችን ሬጂ ይባላል። ወላጆቹ ከጃማይካ መጥተው እሱ እዚሁ ብሪክስተን የተወለደ፣ በሥራው አውቶቡስ ነጂ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መካድ አልችልም። ምሳ ሳይበላ ለልምምድ ለመጣ ልጅ የራሱን ሳንድዊች ቆርሶ ይሰጣል። ግን ግትር ነው። ከአሜሪካ የሚያስመጣቸውን የቪዲዮ ካሴቶች እያየ ረጅም ኳስ ፍቅር ያዘው። ሳምንቱን ሙሉ በየፌርማታው ሲቆም ስለሚሰነብት፣ እሑድ ሲመጣ ቆም እያሉ መሄድ የሚያስጠላው ይመስለኛል። በሁለተኛው ዓመታችን መጀመሪያ ላይ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛው፣ መከላከላችን ሳስቷል ብሎ ኮፊን ከኔ ግራ አንስቶ ወደ ተከላካዮቹ ወሰደው። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ ኳሱ ሁሉ ረጅም ይሆናል አለ። እኔ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍጌ፣ ኳሱን የሚቀበሉት ሯጮች ሜዳው ጫፍ እስኪደርሱ ቆሜ ልጠብቅ።

እዚያ ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ኮፊ በነበረበት ቦታ አንድ ደግ ልጅ አቁሞልኛል፤ ደግነቱ ለተቃራኒዎቹም ጭምር ነው። በግራ በኩል የሚመጣብህን ሰው ኮቴ ትሰማለህ፣ ትንፋሹን ትሰማለህ፣ መዞር ግን አትችልም፤ ዓይንህ ሩቅ ከሚሮጠው ልጅ ላይ ነው። ከዚያ ሰማዩን ታያለህ። የለንደንን ሰማይ በጀርባዬ ተኝቼ ያየሁትን ያህል በእግሬ ቆሜ ያየሁት አይመስለኝም።

"ኮች፣ ኮፊን መልስልኝ" አልኩት። "ካልሆነም አጭር አጭር እየወረወርን እንሂድ።"

"አጭር ኳስ የፈሪ ነው" አለኝ። "ችግሩ አንተ ነህ። ኳሱን እጅህ ላይ ታቆየዋለህ።"

ይህን ቃል ልብ በሉ። ራሱ ጠብቅ ይለኛል፣ ስጠብቅ ስደፋ ደግሞ ጠበቅህ ብሎ ይወቅሰኛል። ቀስ በቀስ ማጥቃታችን ሞተ። ሯጮቹ ኳስ ስለማይደርሳቸው መሮጥ ሰለቻቸው፣ አጥሮቹ እርስ በርስ ተነካከሱ፣ ክብ ሠርተን ስንቆም ቀና ብለው የሚያዩኝ ዓይኖች እየተለወጡ መጡ። በመጨረሻ አሰልጣኙ ሰው በተሰበሰበበት "በሚመጣው እሑድም እንዲህ የምትወድቅ ከሆነ ቦታውን ለግሬግ እሰጠዋለሁ፤ አንተም ዕቃህን ታስረክባለህ" አለኝ። ግሬግ ጥሩ ልጅ ነው፤ ክንዱ ግን ኳሱን ከአፍንጫው አያሳልፍም።

ያኔ የምኖረው ብሪክስተን፣ ሊፍቱ ሲሠራ እልል በሚባልበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ ታናሽ ወንድም ከጋሼ ወርቁ ጋር ነበር። ጋሼ አገር ቤት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ መንገድ ዳር የቆመ መኪና የሚቀጡ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ቀኑን ሙሉ ሲሰደቡ ይውላሉ፤ ማታ ገብተው ጫማቸውን እያወለቁ "ዛሬ ደግሞ አንዱ ጦጣ አለኝ" ይላሉ፣ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወሩ ይመስል። ያን ቀን ሸሚዜን መልበስ አቅቶኝ ስታገል አዩኝና ጀርባዬን ወደ መብራቱ አዞሩት። ቅባት ይቀቡኝ ጀመር። እጃቸው ሸካራ ነው፤ ያማል፤ ግን አላሳየሁም።

"ጀርባህን የሚጠብቅ ሰው የለህም?" አሉ በመጨረሻ።

"ነበረኝ። አሰልጣኙ አነሳው።"

"ለምን እንዳነሳው ጠይቀኸዋል?"

"ጠይቄዋለሁ ጋሼ። አይሰማኝም። እንዲያውም ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ሊያባርረኝ ነው።"

የቅባቱን ክዳን ገጠሙና "እንግዲያው ሽማግሌ ይላክበታል" አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ጀርባዬ አመመኝና አቆምኩ። "እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አልኳቸው።

"እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ? ሰው ካለ ሽማግሌ ይሰማል። አንተ ልጅ ነህ፣ ብትናገረው እንደ ድፍረት ያይብሃል። ከእኩያው ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ተወው፣ ይህ ያንተ ሥራ አይደለም።"

ብዙ ለመንኳቸው። እንደሚያዋርዱኝ ታይቶኛል። እሳቸው ግን ስልኩን አንስተው ደውለው ጨርሰዋል፤ አንዱ ባተርሲ ለሚኖሩት ለአቶ ደስታ ነው፣ አንዱ ደግሞ እዚያው ሰፈራችን ትንሽ ሱቅ ለነበራቸው ለሐጂ ሙሳ። ከሳቸው ጋር ሦስት። ሽማግሌ ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን ነው የሚያምር።

እሑድ ሆነ። ወሩ ግንቦት ነው፤ የእንግሊዝ ግንቦት ግን እንደ ሰኔ ይዘንባል። ሜዳው ዳር እግሬን እያፍታታሁ ሳለ ከአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ሦስት ሰዎች በሣሩ ላይ ቀስ እያሉ ሲመጡ አየሁ። ጋሼና አቶ ደስታ ከቅዳሴ መምጣታቸው ነው፤ በወፍራም ካፖርታቸው ላይ ኩታ ደርበዋል። ሐጂ ሙሳ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ዣንጥላ ይዘዋል። ጓደኞቼ መሟሟቁን አቆሙ። አንዱ "ቡድኑን ሊባርኩ የመጡ ቄሶች ናቸው?" አለ። አንዱ ደግሞ "ሊገንዙን ይሆናል" አለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

አሰልጣኙ ኮፍያውን አወለቀ። ያሳደገችው አያቱ ስለሆነች ለሽማግሌ ክብር አለው። ከመኪናው ሦስት ተጣጣፊ ወንበሮች አምጥቶ መስመሩ ዳር ዘረጋላቸውና "ተቀመጡ፣ ጌቶቼ፣ ተቀመጡ" አላቸው።

አልተቀመጡም። ጋሼ በዚያ በፍርድ ቤት እንግሊዝኛቸው፣ አንዷንም ቃል ሳያጣድፉ፣ የመጡበትን ጉዳይ አስረዱ። ልጁ ልጃቸው እንደሆነ፣ ጨዋታውን እንደማያውቁት፣ አሰልጣኙንም ለማስተማር እንዳልመጡ ተናገሩ። "የምንለምንዎት አንድ ነገር ነው" አሉ። "ጀርባውን ይጠብቅለት የነበረውን ልጅ ይመልሱለት። ልጁም ከመደፋቱ በፊት ኳሱን ይልቀቀው።" ሐጂ ሙሳ "አላህ ልብዎን ያራራው" ብለው በአማርኛ ጨመሩ።

"ገባኝ፤ አስብበታለሁ። አሁን ግን ተቀመጡ" አለ አሰልጣኙ።

"እሺ ይበሉንና እንቀመጣለን" አሉ ጋሼ።

ሰውዬው ወደኔ ዞረ። "ምን ሆነው ነው? ጉልበታቸውን ያማቸዋል?"

መናገር ግድ ሆነብኝ። "በኛ ባህል ሽማግሌ የለመነው ነገር እሺ ሳይባል አይቀመጥም" አልኩት። "ሰው ቤት ሲሄዱም እንዲሁ ነው። ቆመው ነው የሚለምኑት። ከተቀመጡ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።"

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ጨዋነት የመሰለው ነገር ጥያቄ ሆኖ መጣበት። "እሺ ካላልኩስ?"

"ይቆማላ።"

"እስከ መቼ?"

ጋሼ ቀደሙኝ። "ዛሬ እሑድ ነው፤ ሥራ የለንም" አሉት።

አሰልጣኙ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። "ቡድኔን ከመስመር ውጪ የቆመ ሰው አይመራልኝም" አለ። "መቆም ከፈለጉ ይቁሙ።"

ጨዋታው ተጀመረ፤ ዝናቡም አብሮ። የመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ልማዱ ነበር። ረጅም፣ መደፋት። ረጅም፣ መደፋት። ወድቄ ስነሳ ዓይኔ ሳልወድ ወደ መስመሩ ይሄዳል። ሦስቱም ቆመዋል። ኩታው ረጥቦ ካፖርቱ ላይ ተጣብቋል። ወንበሮቹ የሸራ ስለሆኑ መሐላቸው ውኃ ያቁራል። እኔ በተደፋሁ ቁጥር ጋሼ ወርቁ ጎንበስ ብለው ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዘንብለው ውኃውን ይደፉና፣ በኩታቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው መልሰው ያቆሟቸዋል። እሺ ሲባሉ እንዲቀመጡባቸው መሆኑ ነው። አሰልጣኙ ያን እያየ እንዳላየ ይሆናል፤ አንገቱ ግን ቀልቷል። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲል አንዱ በግራዬ መጥቶ ከነክብደቱ ተጫነኝ፤ ትከሻዬ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። ዛሬም ዝናቡን የሚነግረኝ ይህ ነው።

እረፍት ላይ አሰልጣኙ በቁጣ "ያው ዕቅድ ነው። አንተ ግን ቶሎ ልቀቀው" አለኝ።

"ሯጩ ገና መንገድ ላይ ሳለ ለማን ልልቀቀው?" አልኩት። "ረጅም እየፈለግህ ቶሎ አትበለኝ። ወይ አንዱን ምረጥ፣ ወይ ኮፊን ስጠኝ።"

"ዛሬ ጨርስና ዕቃህን አስረክብ" አለኝ። ሰው ሁሉ ሰማ።

ኮፊ አጠገቤ መጣ። "ሽማግሌዎቹ ለምንድን ነው የማይቀመጡት?" አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ነገርኩት። "እንግዲህ ስለኔ ነው የቆሙት" አለ። "በኛም አገር ሽማግሌ ቆሞ ልጅ አይቀመጥም።"

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ኳሱ ለኛ ሲደርስ፣ ተከላካይ ስለሆነ ማረፍ የነበረበት ኮፊ ሄልሜቱን አጥልቆ ሜዳ ገባ። በግራ ጫፍ የቆመውን ደግ ልጅ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ሂድ፣ እረፍ" አለው። ልጁ አመስግኖ ነው የወጣው። አሰልጣኙ ከዳር ይጮሃል፤ ኮፊ ዞር ብሎም አላየው። እኔም ያን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ከእንግዲህ ምን ያደርገኛል? ዕቃዬን አስረክብ ብሎኛል። ጓደኞቼን ክብ አስቁሜ "ስሙኝ" አልኳቸው። "የኮችን ትእዛዝ ትቼዋለሁ። ሦስት እርምጃ ብቻ እመለሳለሁ፤ ኳሱ አጭር ነው፤ ዞር ስትሉ እጃችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። አጥሮች፣ ትንሽ ያዙልኝ፤ ብዙ አልጠይቃችሁም።" ከዚያ አንዱ "በጌታ፣ ስንጠብቀው የነበረው ይህን ነው" አለ።

አጭር ወረወርኩ፤ ያዘው፤ አምስት ያርድ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ሌላው ያዘው። በግራዬ የሚመጣው ሰውዬ ኮፊ ላይ ሲላተም ሰማሁ፤ እንዲህ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ቀኝ፣ ወደ መሐል፣ እንደገና ወደ ግራ። እንደ ደረጃ ነው፤ አንዱን ስትረግጥ ሌላው ይቀርባል። በስተመጨረሻ ተቃራኒዎቹ አጭሩን ለመቀማት ሁሉም ወደፊት ተጠግተው ሲጠብቁን፣ ያን ጊዜ ረጅሙን ለቀቅሁት። ሯጩ ብቻውን ነበር። ኳሱን ይዞ መስመሩን ሲያልፍ ሜዳው ተናጋ። ረጅም ኳስ ጠልቼ እንዳልነበር ኮች ያን ጊዜ ሊገባው ይገባ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ነው ያልኩት።

አልገባውም። ወይም ገብቶት አልዋጥልህ አለው። እኔንና ኮፊን በጣቱ ጠርቶ "ሁለታችሁም ውጡ" አለን። ግሬግን አስገባው። ግሬግ ምስኪን፣ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሯጩን ሲጠብቅ ወዲያው ደፉት።

እኔና ኮፊ ለተጫዋቾች ወደተዘጋጀው አግዳሚ አልሄድንም። ሄደን ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆምን። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና "ጎል መሰለኝ ያገባችሁት" አሉ። አዎ አልኳቸው። "ደግ። እሺ አለ?" አሉ። አላለም አልኳቸው። "እንግዲያው እንቁም" አሉ። አምስታችንም ጨዋታው እስኪያልቅ ቆምን። ሐጂ ሙሳ ዣንጥላቸውን ወደኔ ዘንበል አደረጉልኝ፤ አቶ ደስታ ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ የረጠበ ቆሎ አወጡና በየእጃችን ዘገኑልን። ኮፊ ቆሎ የቀመሰው ያን ቀን ነው፤ ዛሬ ከኔ ቤት ሳይቋጥር አይወጣም።

ተሸነፍን። አሰልጣኙ ወንበሮቹን ሊያነሳ መጣ። ማንም ያልተቀመጠባቸውን ሦስት ወንበሮች አጥፎ በብብቱ ሲይዝ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉለትና "ስለ ወንበሩ እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉት። ጨበጣቸው። እኔን ግን ሳያየኝ "ለኔ ከእንግዲህ አትጫወትም" አለኝ። ሄልሜቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

በአውቶቡሱ ፎቅ ላይ ወደ ብሪክስተን ስንመለስ መስኮቱ በትንፋሻችን ተሸፈነ። የረጠበ ኩታና አንዱ ተሳፋሪ የያዘው የዶሮ ጥብስ ሽታ ተቀላቅሏል። ጋሼ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያሹ ነው። አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ፣ አለቀስኩ። እሑዴን ነው የወሰደብኝ።

"ተሸነፍን ጋሼ" አልኳቸው።

"አንተ ተሸንፈህ ይሆናል፤ የኳሱን አላውቅም" አሉኝ። "እኛ ግን አንቀመጥም አልን፤ አልተቀመጥንም። ሰውዬው ዛሬ ማታ እንዴት እንደሚተኛ እስቲ ገምት።"

በሚቀጥለው ዓመት እኔና ኮፊ ከወንዙ ማዶ ሌላ ቡድን ገባን። ግራዬ ላይ ኮፊ፣ ኳሱ እንደ አስፈላጊነቱ። ጉልበታችን እስኪያቅተን ተጫወትን። ዝነኛ አልሆንኩም፤ ሰው ግን ሆንኩ። ኋላም በየሥራ ቦታው ያንኑ ሰውዬ በልዩ ልዩ መልክ አገኘሁት፤ አጥሩን አንስቶ ለምን ተደፋህ የሚል አለቃ ሞልቷል። ብዙ ሐበሻ ወዳጆቼ "ስደተኛ ነህ፣ አንገትህን ደፋ አድርገህ ኑር" ብለው መክረውኛል። ምክሩን ለሰጡኝ እግዜር ይስጣቸው፤ አልተጠቀምኩበትም።

ድግሱ ቅዳሜ ማታ ነበር። አዳራሹ በፍየል ወጥና በሩዝ ሽታ ታውዷል፤ ሙዚቃው ደረት ይመታል። ኮች ሬጂ መሐል ላይ ትልቅ ወንበር ተደርጎለት፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀምጧል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝ። ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር በከዘራው ወደኔ ገፋ አደረገና "ና፣ ቁጭ በል" አለኝ።

"መጀመሪያ እሺ በል" አልኩት።

ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ዓይኑን ጠርጎ ሲያበቃ "ያን ቀን ዕድል ነው ያወጣችሁ" አለ። "ዛሬም ቢሆን ረጅሙን ነው የማዝዝህ።"

"እንግዲያው እቆማለሁ።"

ቆምኩ። ሳህኔን ይዤ፣ የኔም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፣ ቆሜ በላሁ። ኮፊ በተቀየረለት ጉልበቱ እያነከሰ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ ምንም አልጠየቀም። ትንሽ እንደቆየን ሰውዬው ከዘራውን ተደግፎ፣ እያቃሰተ ብድግ አለ። ልጁ ደንግጣ መጣች። "አባዬ፣ ምነው? ተቀመጥ እንጂ" አለችው።

"እነዚህ ሳይቀመጡ?" አላት።

ሦስታችን ኬኩ እስኪቆረስ ቆመን ስንከራከር አመሸን። እሺ አላለም።

በማግሥቱ እሑድ ባተርሲ ሄድኩ። ጋሼ ወርቁ አሁን ሰማንያ አልፈዋል፤ ወንዙ አቅራቢያ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል ይዘዋል። አቶ ደስታም ሐጂ ሙሳም የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጋሼ ብዙ ነገር ረስተዋል፤ የቤታቸውን ቁልፍ፣ የልጆቼን ስም። ድግሱ ላይ እንደነበርኩ ስነግራቸው ግን ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"እሺ አለ?" አሉኝ።

"አላለም።"

"ተቀመጥክ?"

"አልተቀመጥኩም። በስተኋላ እሱም ተነስቶ ከኔና ከኮፊ ጋር ቆመ።"

በመስኮቱ በኩል ዝናቡ ወንዙ ላይ ይወርዳል፤ ትከሻዬ ከጠዋቱ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ወደ ከዘራቸው ሰደዱና፣ እንደ ድሮው ቃል ሳያጣድፉ፣ "እንግዲያው ነገሩ ገና አላለቀም" አሉ። "በሚቀጥለው እኔንም ይዘኸኝ ሂድ። ጎዶሎ ሲሆን ነው የሚያምር።"